ያገረሸ ሊምፎማ፦ የመድኃኒት ጥምረት እንዴት ይፈተናል?

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተማረ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር በቃሉ ያውቃል። በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ይወስዳል፤ ቀጥሎ ባሉት አራት ወራት ወደ ሁለት ይወርዳል። ለምን ቢባል፣ አንዱ ብቻውን ከተሰጠ ባክቴሪያው ይላመደዋል። መምህሮቻችን ይህን ደጋግመው ስለነገሩን "ብቻውን የተሰጠ መድኃኒት ይሸነፋል፣ የተጣመረ ያሸንፋል" የሚል ሕግ በጭንቅላታችን ተቀርጿል። እንግዲህ ይኼ ሕግ ለካንሰርም ይሠራል ወይ? ይልቁንም አንዴ ታክሞ ጠፋ ከተባለ በኋላ ተመልሶ ላገረሸ ካንሰር? ይህ ጽሑፍ ያገረሸ ሊምፎማን ምሳሌ አድርጎ፣ አንድ የመድኃኒት ጥምረት በእርግጥ ይጠቅማል ለማለት ምን ዓይነት ፈተና ማለፍ እንዳለበት ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልን።

ሁለቱን በሽታዎች ጎን ለጎን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛችን ራሱ ሲያቀላቅላቸው ኖሯል፤ ቲቢውም ነቀርሳ፣ ካንሰሩም ነቀርሳ ይባላል። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ስለሆነ አንገቱ ላይ ዕባጭ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቲቢ ነው። ሊምፎማም የሚመጣው በዚያው መልክ ነው፦ የማያም ዕባጭ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ። ለይቶ የሚያውቀው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ፓቶሎጂስት ነው። ወደ ታች እንደምናየው ደግሞ መድኃኒትን የማጣመር ሐሳብ ለሁለቱም የመጣው በተቀራረበ ዘመን ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት

ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው። ሆጅኪን የሚባለው አንድ ወገን ሲሆን ሆጅኪን ያልሆኑት ደግሞ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ፎሊኩላር ሊምፎማ ያለው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ይታከማል፣ ያገረሻል፣ እንደገና ይታከማል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆያል። ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ የሚባለው (ከዚህ በኋላ ላርጅ ቢ-ሴል እንለዋለን) ግን ፈጣን ነው፤ ካልታከመ በወራት ይገድላል፣ ከታከመ ጨርሶ ሊድን ይችላል።

ለላርጅ ቢ-ሴል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዋናው የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ የቆየው አር-ቾፕ የሚባለው ጥምረት ነው። በውስጡ አምስት መድኃኒቶች አሉ፦ ሪቱክሲማብ፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶን። ከ100 በሽተኞች 60 ያህሉ በዚህ ይድናሉ። ቀሪዎቹ ወይ ከመነሻው መድኃኒቱ አይሠራላቸውም፣ ወይ ከተሻላቸው በኋላ ያገረሽባቸዋል፤ የሚያገረሸውም ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ያገረሸውን ካንሰር ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። አምስት መድኃኒት ወርዶበት የተረፈ ነውና። ስኮላር-1 የተባለ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሕክምና እምቢ ያለው ላርጅ ቢ-ሴል የነበረባቸውን የ636 ሰዎች መረጃ ሰብስቦ ነበር። ለቀጣዩ ሕክምና በከፊልም ሆነ በሙሉ ምላሽ የሰጡት 26 በመቶ ናቸው፤ ዕጢው ጨርሶ የጠፋላቸው ደግሞ 7 በመቶ። ግማሾቹ 6.3 ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። አዲስ ጥምረት የሚሞከረው እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። የማይረባ ጥምረት ሲሞከር የሚባክነው የአንድ ሰው ቀሪ ስድስት ወር ነው፤ የሙከራው አሠራር ላይ ይህን ያህል ክርክር የሚደረገውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በ1942 በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን (አዎ፣ የዚያ የምናውቀው ወፍራም የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ባለቤቶች) ከጦር መርዝ ምርምር የተገኘውን ናይትሮጅን መስተርድ፣ ሌላ ሕክምና ሁሉ እምቢ ላለው አንድ የሊምፎማ ታማሚ ሰጡ። ዕጢው በቀናት ውስጥ እየሟሸሸ ሄደ። ደስታው ግን አልቆየም። በሽታው ተመለሰ፣ መድኃኒቱ እንደገና ሲሰጥ ውጤቱ እየቀነሰ መጣ፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር ተይዞ ቆይቶ የታተመው በ1946 ነው። ስለዚህ የዘመናዊ ኬሞቴራፒ የመጀመሪያው ታሪክ የማገርሸትም ታሪክ ነው።

በዚያው ሰሞን የቲቢ ሐኪሞች ተመሳሳይ ነገር እያዩ ነበር። በ1948 በእንግሊዝ አገር ውጤቱ በታተመው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ በሽተኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሻላቸው፤ ቀጥሎ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ። ፓስ ከሚባለው ሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ፣ ውጤቱ በ1950 እንደታተመው፣ መላመዱ በእጅጉ ቀነሰ። የካንሰር ሰዎችም ይህን መንገድ ያዙ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቹ ሞፕ የተባለውን የአራት መድኃኒት ጥምረት ለተስፋፋ ሆጅኪን ሰጡ። በ1970 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ከ43 በሽተኞች የ35ቱ ዕጢ ጨርሶ ጠፍቷል። በነጠላ መድኃኒት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ከጀርባው ያለው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። አንድ ግራም የሚመዝን ዕጢ አንድ ቢሊዮን ሴል አለው እንበል። ከሚሊዮን ሴል አንዱን መድኃኒት "ሀ" የማይነካው ከሆነ በዚያ ዕጢ ውስጥ 1,000 ሴሎች ከ"ሀ" ይተርፋሉ፤ ተራብተውም በሽታውን ይመልሱታል። መድኃኒት "ለ"ም እንደዚሁ ከሚሊዮን አንዱን የማይነካ ቢሆን፣ ሁለቱንም የሚያመልጥ ሴል የሚገኘው ከአንድ ትሪሊዮን አንድ ነው። በእኛ አንድ ግራም ዕጢ ውስጥ ምናልባት አንድም አይኖር። ሦስተኛና አራተኛ ሲጨመር ነገሩ የበለጠ ያማረ ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ማባዛት የሚሠራው ከ"ሀ" ማምለጥና ከ"ለ" ማምለጥ ካልተያያዙ ብቻ ነው። ያገረሸ ሊምፎማ ላይ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ቲፒ53 የሚባለው ጂን ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል ራሱን እንዲያጠፋ ከሚያዙት ዋነኛው ነው። ጂኑ የተበላሸበት ሴል ዲኤንኤን እየጎዱ የሚሠሩ መድኃኒቶችን አንድ ሁለት ሳይል በጅምላ ይቋቋማል። በእንዲህ ያለ ሴል ላይ ሳይክሎፎስፋማይድ ቢያቅተን ኢፎስፋማይድ፣ እሱም ቢያቅተን ሲስፕላቲን ማለት ያው በአንድ በር ደጋግሞ ማንኳኳት ነው። ቁጥሩ ሦስት ቢሆንም በሩ አንድ ነው።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ እንዳይደራረቡ ነው። ቪንክሪስቲን በሞፕም በአር-ቾፕም ውስጥ የገባው አንዱ ምክንያት የሚጎዳው ነርቭን በመሆኑ ነው፤ መቅኔን ብዙም አይነካም። መቅኔን ከሚጎዱት ጋር ሲሰጥ ሁለቱም ሙሉ መጠናቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ። በዙሮቹ መካከል ያለው የሳምንታት ዕረፍትም የተተወው መቅኔው እንዲያገግም ነው። ሁለቱም መቅኔ የሚጎዱ ከሆነ ግን ለእያንዳንዳቸው ከሚገባው መጠን መቀነስ ግድ ይላል። ሁለት ግማሽ መጠን ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ሙሉ አይበልጥም።

ከአንድና አንድ ስንት ይገኛል?

በጽሑፎች ላይ "ሁለቱ መድኃኒቶች ተደጋግፈው ይሠራሉ" የሚል አባባል በብዛት እናነባለን። እስቲ በቁጥር እንየው። መድኃኒት "ሀ" ብቻውን ከ100 ሰው 30ውን ይረዳል፤ መድኃኒት "ለ"ም ብቻውን ሌሎች ይሁኑ እነዚያው ሳይታወቅ 30 ይረዳል። ሁለቱ ምንም ሳይደጋገፉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ብቻ ቢሠራና የሚረዷቸው ሰዎች በዕድል ቢገጣጠሙ፣ በሁለቱ የሚጠቀም 51 ሰው ይሆናል (30 ሲደመር 30፣ ሲቀነስ ለሁለቱም ምላሽ የሚሰጡት 9)። ከ30 ወደ 51 መውጣት ትልቅ ድል ይመስላል፤ ለበሽተኞቹም በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መድኃኒቶቹ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ተባበሩ ማለት አይደለም። አንዱ ላልሆነለት ሌላው ሆነለት ማለት ነው። የሚረዷቸው ሰዎች እነዚያው ሆነው ከተገኙ ደግሞ ጥምረቱ 30 ላይ ሊቀር ይችላል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ይደመራል።

በ2017 አዳም ፓልመርና ፒተር ሶርገር "ሴል" በተባለው መጽሔት ላይ የታተሙ የካንሰር ሙከራዎችን መልሰው መርምረው፣ ተሳክተዋል የተባሉት የብዙዎቹ ጥምረቶች ጥቅም በዚህ ዓይነት የየራስ ሥራ ብቻ ሊገለጽ እንደሚችል አሳዩ። በ2019 ደግሞ አር-ቾፕን በላቦራቶሪ ፈተሹት። መድኃኒቶቹ እርስ በርስ ያን ያህል አይደጋገፉም፤ ኃይላቸው ያለው ከአንዱ ያመለጠ ሴል ከሌላው አለማምለጡ ላይ ነው። ይህን ሳነብ የገረመኝ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለው ያ የቆየ ሒሳብ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው።

ለተመራማሪ ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጥቅሙ የሚመጣው ከየራስ ሥራ ከሆነ፣ ማን ለየትኛው ምላሽ እንደሚሰጥ የሚለይ ምርመራ ቢገኝ ለእያንዳንዱ ሰው የሚበጀውን ብቻ ሰጥቶ ከሌላኛው ጉዳት ማዳን ይቻላል። ከእውነተኛ መደጋገፍ ከሆነ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም።

መጠኑን መፈለግ

የመጀመሪያው የሰው ሙከራ፣ ፌዝ አንድ የሚባለው፣ የሚጠይቀው ጥምረቱ ያድናል ወይ ብሎ ሳይሆን ስንት ቢሰጥ ሰው ይችለዋል ብሎ ነው። የተለመደው አሠራር ሦስት በሦስት የሚባለው ነው። ሦስት ሰዎች በዝቅተኛ መጠን ይጀምራሉ። ማንም ከባድ ጉዳት ካልደረሰበት ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ባለ መጠን ይገባሉ። ከሦስቱ አንዱ ከተጎዳ ሌሎች ሦስት በዚያው መጠን ይጨመራሉ፤ ሁለት ከተጎዱ ወደ ታች ይወረዳል። ለአንድ መድኃኒት ይህ መሰላል መውጣት ነው። ለሁለት መድኃኒት ግን መሰላሉ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ የትኛው ቀድሞ ከፍ ይበል? ለአምስት ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ያስበው።

እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው የታወቀ ስለሆነ አብረው ምንም አያመጡም ብሎ ማሰብ ይቀናል። አያዋጣም። ኢዴላሊሲብና ኢንቶስፕሌቲኒብ የሚባሉ ሁለት የሚዋጡ መድኃኒቶች የቢ-ሴልን የውስጥ መልእክት ሁለት ቦታ ላይ የሚቆርጡ ናቸው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ የለም። ያገረሸ የሊምፎማና የሥር የሰደደ ሉኪሚያ ሕመም ላለባቸው 66 ሰዎች አብረው ሲሰጡ ግን 18 በመቶ የሚሆኑት በኢንፌክሽን ያልመጣ የሳንባ ብግነት ያዛቸው፤ አብዛኛው ከባድ ነበር፣ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ሙከራው ቆመ፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ይህን ጉዳት ከሁለቱ የየብቻ ታሪክ ተነሥቶ በዚያ መጠን የጠበቀው አልነበረም።

ትንሽ ሙከራ፣ ትልቅ ተስፋ

መጠኑ ከታወቀ በኋላ ፌዝ ሁለት ይመጣል። እዚህ ላይ ሪቻርድ ሳይመን የተባለ ስታቲስቲሺያን በ1989 ያወጣው ባለ ሁለት ደረጃ ዘዴ ብዙ አገልግሏል። ለምሳሌ ከዚህ በፊት ያለው ሕክምና 20 በመቶ ምላሽ የሚያስገኝ ሆኖ አዲሱ 40 በመቶ ያደርሳል ብለን ተስፋ ብናደርግ፣ መጀመሪያ 13 ሰው ብቻ እናስገባለን። ምላሽ የሰጡት ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ሙከራው እዚያው ይቆማል። ከሦስት ከበለጡ እስከ 43 ሰው እንቀጥላለን፤ በመጨረሻ ምላሽ የሰጡት ከ12 ካልበለጡ ጥምረቱ ይጣላል። ዘዴውን የወደድኩት ለቁጥሩ ውበት ብዬ አይደለም፤ የማይረባ ነገር ብዙ ሰው ሳይጎዳ ቶሎ እንዲቆም ታስቦ ስለተሠራ ነው።

ድክመቱ ደግሞ ማነጻጸሪያ የሌለው መሆኑ ነው። 20 በመቶ ያልነው ከየት መጣ? ከድሮ ሰዎች መረጃ። አዲሶቹ በሽተኞች ከድሮዎቹ ዕድሜያቸው ያነሰ ወይም በሽታቸው የቀለለ ቢሆንስ? የታፋሲታማብና የሌናሊዶማይድ ጥምረት ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤል-ማይንድ በተባለው፣ በ2020 በታተመ ሙከራ፣ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ የማይሆንላቸው 80 ሰዎች ሁሉም ጥምረቱን ወሰዱ፤ 60 በመቶው ምላሽ ሰጡ፣ 43 በመቶው ዕጢው ጨርሶ ጠፋላቸው። ግሩም ውጤት ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ሕክምና ጭራሽ ያልሠራላቸው ሰዎች እንዲገቡ የታሰበ አልነበረም። ሌናሊዶማይድ ብቻውንም ቢሆን ይሠራል። ታዲያ ታፋሲታማብ የጨመረው ምን ያህሉን ነው?

አዘጋጆቹ ይህን ለመመለስ ሌናሊዶማይድ ብቻ ከወሰዱ ሌሎች ሰዎች መዝገብ በዕድሜ፣ በበሽታ ደረጃና በመሳሰለው የሚመሳሰሉ 76 ጥንዶች ፈልገው አነጻጸሩ። በጥምረቱ 67 በመቶ፣ በነጠላው 34 በመቶ ምላሽ ተገኘ። ብዙ ያሳምናል፤ ሁሉን ግን አያሳምንም። መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ልዩነት ሊመሳሰል አይችልምና።

ዕጣ

ለዚህ ነው በመጨረሻ ወደ ዕጣ የሚኬደው። ዕጣ ሲባል አንዳንድ ሰው ቅር ይለዋል፤ "በሰው ሕይወት ዕጣ ይጣላል እንዴ?" ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። ግን የሊምፎማ ታሪክ ዕጣ ባይኖር ምን ይመጣ እንደነበር አሳይቷል።

ይህ የሚከተለው ስላገረሸ ሳይሆን ስለ መጀመሪያ ሕክምና ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። በ1980ዎቹ ቾፕ (ያኔ ሪቱክሲማብ አልነበረም) አርጅቷል ተብሎ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት መድኃኒት ያሏቸው ጥምረቶች ተሠሩ። እያንዳንዳቸው በትንንሽ፣ ማነጻጸሪያ በሌላቸው ሙከራዎች ከቾፕ በእጅጉ የሚበልጡ መሰሉ። ብዙ ሐኪሞችም ተቀበሏቸው። በመጨረሻ ሦስቱ ከቾፕ ጋር በዕጣ ተነጻጸሩ፤ 899 ሰዎች ተቆጠሩ፣ ውጤቱ በ1993 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የነበሩት በቾፕ 41 በመቶ፣ በሌሎቹ ከ41 እስከ 46 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ከዕድል የማያልፍ ነው። በመድኃኒቱ መርዝነት የሞቱት ግን በቾፕ 1 በመቶ፣ በሌሎቹ ከ3 እስከ 6 በመቶ። ተጨማሪዎቹ መድኃኒቶች የጨመሩት ሞትን ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ማገርሸት ስንመለስ፣ በ1995 የታተመው የፓርማ ሙከራ መንገዱን ለብዙ ዓመታት ወስኗል። 215 ያገረሸባቸው ሰዎች መጀመሪያ ዲሃፕ የሚባለውን ጥምረት ሁለት ዙር ወሰዱ። ምላሽ ከሰጡት 109ኙ በዕጣ ተከፈሉ፦ ግማሾቹ ዲሃፑን ቀጠሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ወስደው ቀድሞ የተቀመጠላቸው የራሳቸው መቅኔ ተመለሰላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 32 በመቶ በ53 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሰውየውን ወደ ንቅለ ተከላው የሚያደርሰው የትኛው ጥምረት ይሻላል የሚል ሆነ። ኮራል የተባለው ሙከራ 396 ሰዎችን ይዞ ሁለት ጥምረቶችን አወዳደረ፤ በ2010 የወጣው ምላሽ 63.5 በመቶና 62.8 በመቶ ነበር። አቻ ወጡ ማለት ነው! ይልቅ የበለጠ ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ ሪቱክሲማብ የወሰዱት ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ችግር ሳይገጥማቸው የቆዩት 21 በመቶ ሲሆኑ ያልወሰዱት 47 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያው ሕክምና እየተሻሻለ ሲመጣ ከእሱ ያመለጠው በሽታ እየከፋ ይመጣል።

ጥያቄውን በጥሩ አቀማመጥ ካስቀመጡት አንዱ በ2019 የታተመው ኦግመንት ነው። ያገረሸ ፎሊኩላርና ማርጂናል ዞን የሚባሉ ሊምፎማዎች ያሉባቸው 358 ሰዎች ሁሉም ሪቱክሲማብ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ሌናሊዶማይድ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ እንክብል ተጨመረላቸው። ሐኪሙም በሽተኛውም የትኛው እንደሆነ አያውቁም። በሽታው ሳይብስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 39.4 ወር በ14.1 ወር ሆነ። እዚህ ላይ የጨመረው ማን እንደሆነ የሚከራከር የለም፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት አንድ እንክብል ብቻ ነውና።

አምስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ

በ2024 ከዚያው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ቫይፖር የተባለ ጥምረት ውጤት ታተመ። ቬኔቶክላክስ፣ ኢብሩቲኒብ፣ ፕሬድኒሶን፣ ኦቢኑቱዙማብና ሌናሊዶማይድ ናቸው። ከፕሬድኒሶን በቀር ሁሉም አዲስ ትውልድ ናቸው፤ ዲኤንኤን በቀጥታ የሚጎዳ የቆየ ኬሞቴራፒ የለበትም። ቀደም ብለን ስለ አንድ በር ያነሣነውን ካስታወስን ሐሳቡ ይገባናል፦ አንዱ የሴሉን የመኖር መልእክት ይቆርጣል፣ አንዱ ሴሉ ራሱን እንዳያጠፋ የያዘውን ፕሮቲን ይዘጋል፣ አንዱ ከውጭ ተለጥፎ ለበሽታ መከላከያው ያሳየዋል። በሮቹ የተለያዩ ናቸው።

መድኃኒቶቹ ለብቻቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ይታወቃል። ኢብሩቲኒብ ብቻውን ባገረሸ ላርጅ ቢ-ሴል ሲሞከር፣ በ2015 እንደታተመው፣ ኤቢሲ በሚባለው ንዑስ ዓይነት 37 በመቶ፣ ጂሲቢ በሚባለው 5 በመቶ ምላሽ አስገኝቷል። ቬኔቶክላክስ ብቻውን 18 በመቶ። ቫይፖር በላርጅ ቢ-ሴል ሊገመገሙ ከቻሉ 48 ሰዎች በ54 በመቶው ምላሽ፣ በ38 በመቶው ሙሉ መጥፋት አስገኘ። ሕክምናው ስድስት ዙር ብቻ ነው፤ ከዚያ መድኃኒት የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይብስባቸው የነበሩት 34 በመቶ ናቸው። ብዙዎቹ ቀድሞ በርካታ ሕክምና አልፈው የመጡ መሆናቸውን ስናስብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ግን ሁሉም ከተወሰኑ ንዑስ ዓይነቶች ናቸው፤ ጂሲቢ ያልሆኑትና ሁለት የታወቁ ጂኖች በአንድ ላይ የተዛወሩባቸው። በሌሎቹ አንድም አልነበረም። "ላርጅ ቢ-ሴል" የምንለው አንድ ስም ከሥሩ የተለያዩ በሽታዎችን እንደያዘ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። አምስቱም ያስፈልጋሉ ወይ? ሦስቱ ቢበቁስ? አንዱን እያወጡ በዕጣ ለመፈተን ብዙ መቶ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ በሽታው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም።

የማን ውጤት ለማን?

የመጨረሻው ምሳሌ በዕጣም ቢሆን ነገር ሁሉ እንደማያልቅ ያሳያል። ግሎፊታማብ በአንድ እጁ የሊምፎማውን ሴል፣ በሌላ እጁ ገዳይ ቲ-ሴልን ይዞ የሚያገናኝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስታርግሎ በተባለው፣ በ2024 በታተመ ሙከራ፣ 274 ያገረሸባቸው ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። ሁሉም ጌምሲታቢንና ኦክሳሊፕላቲን ወሰዱ፤ አንዱ ቡድን ግሎፊታማብ፣ ሌላው ሪቱክሲማብ ተጨመረለት። በኋላ በቀጠለው ክትትል መካከለኛው የሕይወት ዘመን 25.5 ወር በ12.9 ወር ሆነ። እጥፍ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በሙከራው ከገቡት ግማሽ ያህሉ ከእስያ ሲሆኑ ከአሜሪካ የገቡት ከአሥር አንድ አይሞሉም፤ ከእስያ ውጭ ባሉት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ አልታየም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ኮሚቴ በግንቦት 2025 ውጤቱ ለአሜሪካ በሽተኞች ይሠራል ለማለት እንደማይበቃ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ፤ አስተዳደሩም በሐምሌ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ክርክር ትንሽ ያስገርማል። አሜሪካ "የእኔ ሰዎች በበቂ ቁጥር አልተፈተኑበትም" ብትል፣ እኛ የምናነባቸው የሊምፎማ ሙከራዎች በአብዛኛው የተሠሩት ከእኛ ርቀው ነው። በማነጻጸሪያው ቡድን ውስጥ ያለው ሪቱክሲማብ እንኳ ከ2015 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትና ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ሁለት ነገር ናቸው። አውሮፓ ደግሞ በዚያው በ2025 ይህንኑ የስታርግሎ መረጃ ተመልክታ፣ ንቅለ ተከላ ለማይሆንላቸው ያገረሸባቸው ሰዎች ጥምረቱን ፈቅዳለች።